ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት ቆየ? ከኑክሌር ብናኝ የሚመጣን ውጫዊ ጨረራ በደብተርና በስልክ ማስላት

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄጄ አሳ የሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆምኩ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዣለሁ።

«እማማ፣ ትናንት በስድስት ሰዓት የት ነበሩ?»

«እኔ ሰዓት አልይዝም ልጄ። አሳው ሲያልቅ ነው የምሄደው።»

«ትናንትስ መቼ አለቀ?»

«ከጁምዓ የሚመለሱት ናቸው የመጨረሻውን የወሰዱት። ምነው፣ ምን ተገኘ? ፖሊስ ነህ እንዴ?»

አይደለሁም። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ዜና አይተው «የኑክሌር ቦምብ ብናኝ እኛ ጋ ቢደርስ ስንት ጨረራ እንወስዳለን?» ብለው ያዙኝ። በደፈናው ከምመልስላቸው አብረን እናስላው አልኳቸው። የሰው እውነተኛ አርብ ወስደን፣ ምናባዊ ብናኝ እላዩ ላይ አፍስሰን፣ ስንት እንደሚወጣ እናያለን። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨረስነው። ሰዎቹ የት እንደዋሉ ማወቅ ግን ሁለት ሳምንት በላብን። ከታች የምጽፈው ከዚያ ልምምድ የተረፈኝን ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እውነተኛ አደጋ ከመጣ ካልኩሌተር አታውጡ። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት መሃል ግቡ፣ በርና መስኮት ዝጉ፣ የሚመለከተው አካል የሚለውን አድምጡ። ስሌት የኋላ ሥራ ነው።

የምናሰላው የትኛውን ነው?

ቦምብ መሬት አጠገብ ሲፈነዳ አፈሩን ወደ ላይ ይስበዋል። ከፍንዳታው የተወለዱት ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮች በአፈሩ ላይ ይለጠፋሉ። ከዚያ ነፋስ እየነዳው በየመንገዱ ይወርዳል። ብናኝ የምንለው ይህን ነው። ሜዳው ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ቅጠሉ ላይ ተኝቶ ጋማ ጨረራ ይለቃል። ጋማው ሩቅ ይሄዳል፤ ሰውነትን ከውጭ ገብቶ ያልፋል። ውጫዊ መጠን ማለት ይሄው ነው።

በወተት ወይም በውሃ ወደ ሰውነት የሚገባው ጨረራ አመንጪ አዮዲን 131 ሌላ ሒሳብ አለው። ቆዳ ላይ የተለጠፈ አመድ የሚያደርሰው የቤታ (ከቆዳ ብዙም የማያልፍ ጨረራ) ቃጠሎም ሌላ ነው። አትደባልቋቸው።

ልዩነቱን በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የሮንጌላፕ ደሴት ሰዎች ታሪክ ያሳያል። መጋቢት 1 ቀን 1954 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ካስል ብራቮ የተባለውን 15 ሜጋቶን ቦምብ እዚያው አካባቢ ባለችው ቢኪኒ ላይ አፈነዳች። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሮንጌላፕ ላይ ነጭ አመድ መዝነብ ጀመረ። ልጆች ተጫወቱበት። ሰዎቹ የተነሱት ከሁለት ቀን በላይ ቆይተው ነው። በኋላ የተሠራው ግምት ለመላ ሰውነት 175 ራድ (የድሮ የጨረራ መጠን መስፈሪያ) ገደማ ውጫዊ ጋማ አለ፤ በዛሬው አጠራር 1.75 ግሬይ። ቆዳቸውን የላጠው ቤታ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

እርምጃ 1፦ የሜዳውን ንባብ ያዙ

የጨረራ መለኪያውን ከመሬት 1 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ወገብ አካባቢ ማለት ነው። ከግድግዳም ከዛፍም ራቁ። የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ተመራጭ ነው። ከአሸንዳ ሥር ለካችሁ ማለት የጣሪያውን ሁሉ እጣቢ ለካችሁ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ግን የከተማው ቁጥር አይደለም። ዝናብ ከመጣ አስፋልቱና ቆርቆሮው ይታጠባሉ፣ ቦዩ ይሞላል። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ «ሐዋሳ ይህን ያህል ነው» ማለት አይሆንም።

ይህ የእኔ ጭንቀት ብቻ አይደለም። ሶቪየት ኅብረት ነሐሴ 29 ቀን 1949 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በዛሬዋ ካዛኪስታን ሴሚፓላቲንስክ ላይ የመጀመሪያ ቦምቧን ስታፈነዳ፣ ብናኙ ዶሎን የምትባል መንደር አጠገብ ያለፈው እንደ ጠባብ መቀነት ሆኖ ነው። በእንዲህ ያለ መቀነት ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲህና ወዲያ ማለት ብዙ ነው። በእኛ አገር ብናስበው ከታቦር ተራራ ወዲህና ከታቦር ወዲያ አንድ ላይሆን ይችላል።

ከንባቡ ላይ የተፈጥሮውን ጨረራ ቀንሱ። በአብዛኛው የዓለም ክፍል በሰዓት ከ0.05 እስከ 0.2 ማይክሮሲቨርት ነው። ከፊሉ ከድንጋይና ከአፈር፣ ከፊሉ ከሰማይ ይመጣል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሰማዩ ድርሻ ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ይበልጣል። አስቀድማችሁ በሰላሙ ቀን ለክታችሁ አስቀምጡት።

መስፈሪያውን እዩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዘመናዊ መለኪያ በሲቨርት ያነባል፤ ሲቨርት ጨረራው በሰው አካል ላይ ያለውን ተጽዕኖ የሚገልጽ መስፈሪያ ነው። ለስሌታችን የምንፈልገው አየር ውስጥ ያለውን ግሬይ ነው፤ ግሬይ የተዋጠውን የጨረራ ጉልበት ይለካል። ለጋማ ሲቨርቱን በ1.2 ብታካፍሉት ይበቃል። የድሮ የሶቪየት ዲፒ-5 ዓይነት መለኪያ ካገኛችሁ ደግሞ በሮንትገን ነው የሚያነበው፤ 1 ሮንትገን በአየር 8.8 ሚሊግሬይ ገደማ ነው።

ሌላም ተንኮል አለ። ጋይገር ቆጣሪ ጨረራው ሲበዛበት ይታፈናል። ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም ዜሮ ያሳያል። «ምንም የለም» ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት መለኪያው እስከ ስንት ድረስ እንደሚያነብ ጀርባው ላይ ወይም መመሪያው ላይ እዩ።

ለልምምዳችን፣ መለኪያው በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት በሰዓት 1.2 ሚሊሲቨርት አነበበ እንበል። በ1.2 ሲካፈል 1 ሚሊግሬይ በሰዓት። ክብ ቁጥር የመረጥኩት ለምቾት ነው። የእናንተ ንባብ ከዚህ 10 እጥፍ ቢያንስ መልሱም 10 እጥፍ ያንሳል።

እርምጃ 2፦ ሰዓቱን አስተካክሉ (እኔ የወደቅሁበት)

ብናኝ ትኩስ ሲሆን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ከፍንዳታው በኋላ ስንተኛው ሰዓት ላይ እንደለካችሁ ካላወቃችሁ ንባቡ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

እኛ ደግሞ ሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር አለን። ሰው «በአራት ሰዓት» ሲል ስልኩ 10፡00 ይላል። ወደ ኮምፒውተር ውሂብ የሚልክ መለኪያ ብዙ ጊዜ በግሪንዊች ነው የሚመዘግበው፤ እሱ ጋ ያው ሰዓት 07፡00 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሠራ ከአንድ ተማሪ የመጣልኝን 10 ሳላስብበት «ከፍንዳታ በኋላ 10ኛ ሰዓት» ብዬ አስገባሁት። ልጁ የጻፈው የስልኩን ሰዓት ነበር። በትክክል 4ኛው ሰዓት መሆን ነበረበት። ውጤቱ ሦስት እጥፍ ሆኖ ወጣ። እኔም በከተማው ሰው ሁሉ ላይ መርዶ ልነግር ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ቀኑም ያሳስታል። «ሐሙስ ሌሊት ስምንት ሰዓት» የሚል ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር የሚናገረው ስለ አርብ ነው። ጠይቁት። «ስትተኛ ነው ወይስ ሊነጋ ሲል?» በሉት።

ልምምዱን ለማቅለል ፍንዳታው አርብ ጠዋት ልክ 12 ሰዓት ላይ ሆነ ብያለሁ። ያኔ የእኛ ሰዓት ራሱ ቆጣሪ ሆኖልን አረፈ። ጠዋት 4 ሰዓት ማለት 4ኛው ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት ማለት 8ኛው ሰዓት ነው። ማታ ሲሆን 12 ደምሩ፤ ማታ 2 ሰዓት 14ኛው ነው። ብናኙ ሐዋሳ የደረሰው 4 ሰዓት ላይ ነው እንበል። የት ፈነዳ አትበሉኝ፣ የትም አልፈነዳም።

የመድረሻውን ሰዓት ማንም ካልመዘገበ ርቀቱን ለነፋሱ ፍጥነት አካፍሉ። ነፋሱ ግን የመሬቱ ሳይሆን ደመናው ያለበት ከፍታ ነፋስ ነው።

እርምጃ 3፦ ወደ 1ኛው ሰዓት መልሱት

የቦምብ ብናኝ የሚደክምበት ሕግ አለው። ሰዓቱ በ7 ሲባዛ ንባቡ በ10 ይካፈላል። በ1ኛው ሰዓት 100 የነበረ፣ በ7ኛው 10፣ በ49ኛው (ሁለት ቀን ገደማ) 1 ይሆናል። በሒሳብ ሲጻፍ ሰዓቱ ፓወር 1.2 ነው፣ ንባቡ ለእሱ ይካፈላል።

ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተሩን ከፍታችሁ ስልኩን ወደ ጎን ስታዞሩት የፓወር ቁልፉ ይመጣል። 24 ፓወር 1.2 ብላችሁ ምቱ። 45.3 ይሰጣችኋል። ንባባችን 1 ሚሊግሬይ ስለነበር፣ የ1ኛው ሰዓት ንባብ 45.3 ሚሊግሬይ በሰዓት ሆነ።

እዚህ ላይ ተማሪ ሁሌ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «በ1ኛው ሰዓት ብናኙ ሐዋሳ አልደረሰም፤ ታዲያ ይሄ ቁጥር ምንድነው?» ልክ ነው። ይህ ቁጥር ማንም ላይ አላረፈም። መነሻ እንዲሆነን ብቻ የፈጠርነው ነው።

ሕጉ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ደህና ይሠራል። እስከ ስድስት ወር ድረስ ሻካራ ግምት ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ተዉት። ከዓመታት በኋላ የሚቀረው በዋናነት ሲዚየም 137 ነው፤ እሱ ደግሞ በግማሽ የሚቀንሰው በ30 ዓመት ነው። የቼርኖቤልን ወይም የፉኩሺማን ዓይነት አደጋም በዚህ ሕግ አታስሉ። የኑክሌር ማብላያ ጣቢያ ቆሻሻ ሲጠራቀም የኖረ ስለሆነ እንዲህ ቶሎ አይደክምም።

መለኪያ እጃችሁ ላይ ከቆየ ሁለተኛ ንባብ ውሰዱ። በ4ኛው ሰዓት የለካ ሰው በ28ኛው ሰዓት አንድ አስረኛውን ማግኘት አለበት። ካላገኘ፣ ወይ ብናኝ ገና እየወረደ ነበር፣ ወይ ዝናብ አጥቦታል፣ ወይ የፍንዳታው ሰዓት ተሳስቷል።

እርምጃ 4፦ ሜዳ ላይ ቆሞ የዋለ ሰው ስንት ያገኛል?

ንባቡ በየደቂቃው ስለሚወርድ በሰዓት ብቻ ማባዛት አይቻልም። መደመር አለበት። የተደመረው ቀመር እንዲህ ነው፦

5 × የ1ኛው ሰዓት ንባብ × (ቆይታው የጀመረበት ሰዓት ቁጥር − ያበቃበት ሰዓት ቁጥር)

«የሰዓት ቁጥር» የምለው 1ን ለሰዓቱ ፓወር 0.2 ማካፈል ነው። ሁልጊዜ እንዳትመቱት የምንጠቀምባቸውን ልስጣችሁ፦

4ኛ ሰዓት፦ 0.758
8ኛ፦ 0.660
10ኛ፦ 0.631
14ኛ፦ 0.590
24ኛ፦ 0.530
48ኛ፦ 0.461
168ኛ (አንድ ሳምንት)፦ 0.359

5 × 45.3 = 226.5። ከ4ኛው እስከ 24ኛው ሰዓት፣ 226.5 × (0.758 − 0.530) = 51.6 ሚሊግሬይ። ከዚያ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ያለው 38.7 ነው። እዩት። የመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ከቀሪዎቹ ስድስት ቀናት ይበልጣሉ። ስለዚህ ጥያቄያችሁን የመጀመሪያው ቀን ላይ አክርሩት። በአምስተኛው ቀን ሰውዬው የት ምሳ እንደበላ መዘንጋቱ ብዙ አይጎዳም።

እርምጃ 5፦ ሰው ጠይቁ

51.6 የሜዳው ቁጥር ነው። በሐዋሳ 20 ሰዓት ሙሉ ሜዳ ላይ የሚቆም የኳስ ሜዳው የጎል ቋሚ ብቻ ነው። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይተኛል።

ሰዓት አትጠይቁ። ክስተት ጠይቁ። አዛን፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የትምህርት ቤት መለቀቂያ፣ መብራት የጠፋበት ቅጽበት፣ ኳስ የተጀመረበት ሰዓት። የአሞራ ገደሏ እናት «ከጁምዓ ሲመለሱ» ባሉኝ ጊዜ ከማንም ሰዓት የተሻለ መረጃ ሰጡኝ። ስምንት ሰዓት ገደማ ብዬ ጻፍኩ።

«ውጭ ነበሩ ወይስ ቤት?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። በረንዳ ውጭ ነው። የቆርቆሮ ኪዮስክም ለጋማ ውጭ ነው ማለት ይቻላል። ለሻይ ገባ ያለ ሰው የገባበት ቤት ግድግዳው ምን እንደሆነ ጠይቁት። ሕፃን አዝለው እንደነበርም ጠይቁ፤ ሕፃኑ የራሱ መስመር ይፈልጋል።

ሦስት ሰው ልውሰድ።

አሳ ሻጯ እናት፦ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ሐይቅ ዳር፣ ከዚያ የጭቃ ቤታቸው ውስጥ።

አንድ ባጃጅ ነጂ፦ ከ4 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት መንገድ ላይ፣ ከዚያ ብሎኬት ቤት ውስጥ። «ምሳ?» አልኩት። «መሪው ላይ» አለኝ።

አንዲት ተማሪ፦ እስከ 10 ሰዓት ፎቅ ትምህርት ቤት ታችኛ ወለል ላይ፣ ግማሽ ሰዓት በእግር፣ ከዚያ ብሎኬት ቤት።

እርምጃ 6፦ የከለላ ቁጥር

ከሜዳው ቁጥር ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ሰውዬው እንደደረሰ የሚነግረን የከለላ ቁጥር ነው። ሜዳ 1 ነው። በሌላ አገር ተለክተው የተለመዱት እንዲህ ናቸው፦ የእንጨት ቤት 0.4፣ የጡብ ወይም የብሎኬት ቤት 0.2፣ የቤት መኪና ከ0.5 እስከ 0.7፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ታችኛ ወለል 0.05።

እነዚህን እንዳሉ ሐዋሳ ላይ መለጠፍ ግን ደስ አይለኝም። የእኛ ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ፑሚስ ወይም ሬዳሽ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ይገባበታል። ለተሸካሚ ሰው ቀላል ነው፤ ጋማን ለማስቆም ግን ክብደት ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ 0.3 ወሰድኩ። የጭቃ ቤት ግድግዳው ደህና ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ 0.4 ላይ ተውኩት። ባጃጅ ሸራ ነው፤ ያለ ምንም ክርክር 1። የትምህርት ቤቱ መስኮት ሰፋፊ ስለሆነ በ0.05 ፋንታ 0.1።

ሐይቅ ዳር ለብቻው ይታይ። ጋማው የሚመጣው በዙሪያችሁ ካለው መሬት ነው፣ ትልቁ ድርሻ ደግሞ ከጥቂት አስርት ሜትሮች። ሐይቁ ላይ የወረደ ብናኝ ይሰምጣል፤ ውሃው ራሱ ይጋርደዋል። ስለዚህ ዳር ላይ የቆመ ሰው ግማሽ ዙሪያው ዝም ያለ ነው። ይህን ያለ ምንም ቦምብ ማየት ይቻላል። ከተማሪዎቼ ጋር ጀልባ ተከራይተን መለኪያውን ይዘን ገባን። ዳር ላይ 0.14 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ሲል የነበረው መሃል ስንደርስ 0.06 ሆነ። የመሬቱ ድርሻ ቀርቶ የሰማዩ ብቻ ሲቀር ማለት ነው። ባለ ጀልባው «ተበላሸ እንዴ?» አለን። ለዳሩ 0.6 ይዣለሁ።

አሁን እናባዛ።

እናት፦ ከ4 እስከ 8 ሜዳው 22.2 ነው፤ በ0.6 ሲባዛ 13.3። ከ8 እስከ 24 ሜዳው 29.4፤ በ0.4 ሲባዛ 11.8። ድምሩ 25።

ባጃጅ ነጂ፦ እስከ 14ኛው ሰዓት 38፣ በ1። ከዚያ 13.6 በ0.3፣ 4.1። ድምሩ 42።

ተማሪ፦ 28.8 በ0.1፣ 2.9። የግማሽ ሰዓት መንገድ 1.4። ቀሪው 21.6 በ0.3፣ 6.5። ድምሩ 11።

አንድ ከተማ፣ አንድ ንባብ፣ አንድ ቀን። 11፣ 25 እና 42። የግማሽ ሰዓቷ መንገድ ስድስት ሰዓት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠችበት ግማሹን ያህል መሆኗንም ልብ በሉ። ነጂው በ4 ሰዓት ቤቱ ቢገባ ኖሮ ደግሞ 51.6 በ0.3፣ 15 ተኩል ብቻ።

እርምጃ 7፦ ከአየር ወደ ሰውነት

እስካሁን ያሰላነው አየሩ ያገኘውን ነው። ሰውነት ራሱን በራሱ ይጋርዳል፤ ጡንቻው ለጉበቱ ከለላ ነው። ለአዋቂ ሚሊግሬዩን በ0.7 አባዙና ሚሊሲቨርት በሉት። እናት 18፣ ነጂ 30 ገደማ፣ ተማሪ 8 ይሆናሉ።

ሕፃን ቀጭን ስለሆነ የበለጠ ይገባበታል። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ 30 በመቶ፣ ከ3 እስከ 14 ላለ 20 በመቶ ጨምሩ። እናትየው ሕፃን አዝለው ቢሆን ኖሮ፣ እሳቸው 18፣ ሕፃኑ 23 ነበር።

ቁጥሩን ለሰው ስትነግሩ ከምን ጋር እንደምታወዳድሩት አስቡ። የሰው ልጅ ከተፈጥሮ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል። አንድ የሆድ ሲቲ ስካን 10 አካባቢ ነው። ማቅለሽለሽና ማስመለስ የሚጀምረው በአጭር ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ሲደርስ ነው። 30 ያገኘ ነጂ ዛሬ ምንም አይሰማውም። «አትፍራ» ብሎ መሸኘትም፣ «አለቀልህ» ብሎ ማስደንገጥም ውሸት ነው። ቁጥሩንና ማወዳደሪያውን ስጡት።

ስንት ሊሳሳት ይችላል? ማረጋገጫስ?

በእጅ የተሠራ ግምት በ2 ሊካፈልም በ2 ሊባዛም ይችላል። ስለዚህ «18» ብላችሁ አትጻፉ፤ «18፣ ከ9 እስከ 36» በሉ። ነጥብ አስገብቶ «17.57» የሚል ሰው ካያችሁ የሚያውቀው ካልኩሌተሩን ብቻ ነው።

ባለሙያዎች ከዓመታት በኋላ ሌላ ምስክር ይፈልጋሉ። የተተኮሰ ጡብ ውስጥ ያለ የኳርትዝ ቅንጣት የደረሰበትን ጨረራ ይይዛል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሞቅ በብርሃን መልክ ይናገራል። የዶሎን ቤቶች ጡብ እንዲህ ተለክቶ ከቀድሞው ስሌት ዝቅ ያለ ቁጥር ሰጥቷል። የወለቀ ጥርስም በሌላ ዘዴ ይለካል።

ተማሪዎቼ «የእኛ ቤት ጭቃ ነው፣ ምን እንለካለን?» አሉ። ጭቃ እሳት ስላላየ አይሆንም። ምጣድ እሳት አይቷል፣ ግን በየእንጀራ ጋገራው እንደገና እየጋለ የያዘውን ይረሳዋል። ጀበናም ያው ነው። እኔ ብሆን ጥግ ላይ የተቀመጠ እንስራ ነበር የምፈልገው። አንድ ጊዜ ተተኩሶ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ያየ።

ወረቀቱ

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ስጡ። ከሰዓት እስከ ሰዓት፣ የት፣ ግድግዳውና ጣሪያው ምን፣ ሰውየው ራሱ ያለው ቃል፣ የተጠቀማችሁበት የከለላ ቁጥር። የእሱን ቃል ከእናንተ ቁጥር ለዩት። የሮንጌላፕ ግምት ከአሥርተ ዓመታት በኋላ እንደገና ተሰልቷል፤ ያን ማድረግ የተቻለው የድሮው ንባብና ሰዎቹ የነበሩበት ቦታ ተጽፎ ስለቆየ ነው። በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዙ እንጂ አታጥፉ።

እኔም መሰረዝ ነበረብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ውጤቱን ይዤ አሞራ ገደል ተመለስኩ። እናትየው አሳ እየገፈፉ ሰሙኝ።

«እና የኔ ስንት ሆነ?»

«18።»

«ባጃጁስ?»

«30።»

«አይ ያ ልጅ! እሱስ ዕረፍት አያውቅም።» ቢላዋቸውን ጠረግ አደረጉና ደብተሬን አዩት። «ግን ልጄ፣ ያን ቀን ከዚህ ቀጥታ ቤት ገባሁ አልኩህ እንዴ? ገበያ ዞሬ እኮ ነው የሄድኩት። ሽንኩርት፣ በርበሬ ምናምን። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ነው ቤት የደረስኩት።»

አሥር ሰዓት። ከ8 እስከ 10 ሜዳው 6.6 ነው። በ0.4 ያባዛሁትን በ1 አባዛሁ፤ ወደ 4 ሚሊግሬይ ተጨመረ። 25 የነበረው 29 ሆነ። 18ን በአንድ መስመር ሰርዤ ጎኑ ላይ 20 ጻፍኩ።